ዳኛው እና አጭሩ ቤዝ

ሰፈሩ ሁሉ ዳኛው ይለዋል እንጂ የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ባትላሜራ ነው። የተጨማደደ የመኪና በር፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ኮፈን፣ ታጥፎ ጎማ የነከሰ ፓራፋንጎ ያመጡለታል፤ እሱ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ወደ ቦታው ይመልሳል። ስሙ የወጣለት በዓይኑ ነው። የተገጨ መኪና ፊት ቁጢጥ ብሎ ጭረቱን በአውራ ጣቱ አንዴ ከዳበሰ፣ ማን ማንን ከየት በኩል እንደመታ፣ ፍሬን ይዞ ይሁን ሳይዝ፣ ቁጭ ብሎ እንዳየ ሰው ይናገራል።

«ቆሜ ነው የገጨኝ» አለው አንድ ማክሰኞ አንድ የታክሲ ሹፌር።

«ቆመህ?»

«ቆሜ! እናቴ ትሙት!»

«እናትህን ተዋት፣ ምን አደረገችህ?» ዳኛው አውራ ጣቱን በሩ ላይ አስኬደ። «ጭረቱ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠለቀ ነው የሄደው። ስለዚህ የሄድከው አንተ ነህ፤ የቆመው እሱ ነው። ይሄ አረንጓዴ ደግሞ የመኪና ቀለም አይደለም። የአጥር ቀለም ነው።»

«አጥሩ መንጃ ፈቃድ አለው?» አለ ከወዲያ ማዶ ዱኮ፣ አፉ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ዝቅ አድርጎ። ዱኮ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ ጋራዡን ከዳኛው ጋር ለሁለት የሚጠቀም፣ በሚረጨው ቀለም ስም የሚጠራ፣ ወሬ ካላወራ እጁ የማይሠራለት ሰው። ሹፌሩ ሳይወድ ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም።

ያን ሳምንት ለሳቅ ልብ አልነበረውም። ቅዳሜ ታላቅ ወንድሙ ይመጣል። የሚመጣውም ሊሰብር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት፣ እናቱ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። እንደ ልማዱ በግራዋ በኩል ተቀምጦ ነበር። በቀኝ ዓይኗ አታይም፤ የቀኝ ጉንጯ አጥንት ገብቶ የቀረ ስለሆነ ፊቷ በዚያ በኩል እንደ ተገጨ በር ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከልጅነቱ ጀምሮ በግራዋ ተቀምጦ አጉርሷታል፣ በግራዋ ተቀምጦ አጫውቷታል።

«ከአልጋዬ ሥር ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አለ» አለችው። «የአባትህ ቤዝ ጊታር ነው። ለወንድምህ ስጠው።»

«ለማን?»

«ወንድም አለህ እኮ።»

«እማ፣ ፊትሽን ያፈረሰበትን ዕቃ ነው ተሸልሞ የሚሄደው?»

እናቱ ጭንቅላቷን ዞር አድርጋ የማያየውን ዓይኗን ሰጠችው። በእሷ ቤት ጨዋታ የሚያልቀው እንደዚያ ነበር፤ ማየት የማትፈልገው ነገር ሲመጣ የታወረውን ጎኗን ትሰጠዋለች።

ከቀብሩ በኋላ ለወንድሙ ደወለ። ሃያ አንድ ዓመት ድምፁን አልሰማውም። አሁን የከባድ መኪና ሹፌር መሆኑን ያወቀው እንኳ ከሰው ወሬ ነው።

«እናታችን ሞታለች። ቤዙን ውሰድ ብላለች። ና ውሰድ» አለው፣ እንደ ማዘዣ ወረቀት እያነበበ።

«ቤዙ አለ?»

«አለ።»

«እመጣለሁ እንግዲህ። ጭነት አድርሼ ስመለስ፣ ሁለት ወር ቢፈጅ ነው። ግን የፌሮ ብረት ይዤ ነው የምመጣው። እፊትህ አመድ ነው የማደርገው፣ ስማ!»

«እኔም መዶሻ አላጣም» አለ ዳኛውና ዘጋበት።

አባታቸው በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። አጭር ሰው፣ ጣቶቹም አጫጭር። የሌሎቹ ቤዝ አንገቱ ረዝሞ አልደርስ ሲለው ይህችን አሮጌ አጭር ቤዝ ከየት እንዳገኛት አገኛት፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ አንገቷ ከተራ ጊታር ብዙም የማይበልጥ። ጓደኞቹ «ሕፃኑን አቅፎ መጣ» እያሉ ይስቁበታል። ሆቴሉ ውስጥ ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን የዋጠውን ሳቅ ሁሉ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ይተፋዋል። የቤዙን የኤሌክትሪክ ገመድ ለሁለት አጥፎ ይገርፋል። ጫፉ ላይ ያለው ብረት የወረደበት ቦታ ላይ እንደ ጥፍር የሚያህል ክብ ጠባሳ ይቀራል፤ ዳኛው ጀርባ ላይ አራት አሉ፣ ታላቁ ጀርባ ላይ ያለውን የቆጠረ የለም፤ ምክንያቱም ታላቁ መሀል ይገባ ነበር።

ያቺ ቀን ስትደርስ ዳኛው ስምንት ዓመቱ ነው። ዳቦ ተልኮ ሲመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቱ ወለሉ ላይ ናት። ፊቷ የለም፤ በፊቷ ቦታ ደም ነው ያለው። ቤዙ አንገቱ ተሰብሮ፣ ራሱ በክሮቹ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ ከጎኗ ወድቋል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድሙ ከላይዋ ተንበርክኳል፤ እጁ እስከ ክርኑ ደም በደም። አባቱ ግድግዳውን ተደግፎ ያለከልካል።

«አየህ?» አለ አባቱ፣ ትንሹን ልጅ በሩ ላይ ሲያየው። «አየህ ወንድምህ ያደረገውን? እናቱን! የወለደችውን! በገዛ ዕቃዬ!»

ከዚያ ቀበቶውን ፈታና ታላቁን በዘለበቱ በኩል እየገረፈ እስከ መንገድ አወጣው። ጎረቤት ግር ብሎ ወጣ። «እናቱን መታ!» የሚለው ቃል ከአፍ አፍ ሲተላለፍ የመጀመሪያው ድንጋይ ተወረወረ። ከዚያ ሌላው። ልጁ ራሱን በእጁ ሸፍኖ ሮጠ፤ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። ትንሹም ዳቦውን ጣለና አንድ ድንጋይ አነሳ። ወረወረ። ወንድሙን ጀርባው መሀል አገኘው። ወንድሙ ለሌሎቹ ድንጋዮች አልዞረም፤ ለዚያኛው ግን ዞረ፣ ማን እንደወረወረው አየና ሄደ።

እናቱ ለስድስት ወር መንጋጋዋ ታስሮ አልተናገረችም። ከተፈታላት በኋላም ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልወጣትም። አባቱ የተሰበረውን ቤዝ «አውጡና ጣሉልኝ» ብሎ ከሆቴሉ ሌላ ተቀበለ። እሷ ግን አልጣለችውም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከአልጋዋ ሥር ከተተችው።

አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ አባትየው ሞተ። ቀብሩ ላይ ታላቁ ልጅ ብቅ አለ፤ ከሰው ኋላ፣ ኮፍያውን ይዞ፣ እንደ እንግዳ። ዳኛው ሲያየው ዓይኑ ደም ለበሰ። አፈር እያለበሰ ነበር። አካፋውን ገለበጠና በእጀታው አፉን አለው። ሦስት ጥርስ ከአፈሩ ጋር ተቀላቀለ። ወንድሙ ወድቆ እያለም ረገጠው፤ አራት ሰው ነው ጎትቶ ያላቀቀው። ወንድሙ አንዴም እጁን አላነሳም። ዳኛው ያን ጊዜ «ጥፋተኛ ስለሆነ ነው» አለ። ለሃያ አንድ ዓመትም እንደዚያው ሲል ኖረ።

እና አሁን ይህ ሰው ፌሮ ይዞ ይመጣል።

«ሊሰብረው ከመጣ የተሰበረ ዕቃ አያገኝም» አለ ዳኛው ለዱኮ፣ ስልኩን በዘጋ ማግስት ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ሲፈታው። «ያፈረሰውን እንዳቃናሁት አይቶ ነው የሚሰብረው። ከሰበረው ደግሞ እኔ እሱን እሰብረዋለሁ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ዱኮ። «ግን ይሄ እኮ እንጨት ነው። እንጨት ቀጥቅጠህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ቢሆንም ጀመረው። መጀመሪያ ሁሉንም ፈታ፤ ዊንጮቹን አንድ በአንድ ጣሳ ውስጥ አስቀመጠ። አንገቱ የተሰበረው ክሮቹ ከሚታሰሩበት ከራሱ ሥር ነው፤ ስብራቱ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ስለሆነ ሁለቱ ወገን እንደ ጥርስ ይገጥማል። የእንጨት ሙጫ ቀብቶ፣ በሞርሳ አጥብቆ፣ ሦስት ቀን አልነካውም። ራሱ ላይ ክር የሚያጠብቁ አራት ጆሮዎች አሉ፤ ጫፍ ላይ ያለው ጆሮ ተጣሟል፣ ጥርሱ ውስጥ ጥቁር ነገር ደርቆበታል። በነዳጅ አጠበው፤ በፒንሳ አቃናው። ማንገቻው የሚያያዝበት ቁልፍ እንጨቱን ይዞ ተነቅሎ ጎድጓዳ ትቷል፤ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላው፣ ቁልፉን መልሶ አሰረው። ገላው ላይ ከጥቃቅን ጭረት በቀር ብዙም የለም፤ እሱንም በስቱኮ ሸፍኖ በብርጭቆ ወረቀት እያጠበ እንደ እንቁላል አለሰለሰው። ክሮቹ ሥር ያለውን ድምፅ መያዣ ሽቦው ተበጥሶ ስላገኘው በብየዳ ቀጠለው። ማንገቻውን ከመኪና ወንበር ቆዳ ቆርጦ ሠራለት።

ባትላሜራ የተጎዳ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም። የገባውን ያወጣል፣ የወጣውን ያስገባል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ዱኮም ሦስት እጅ ቀይ ዱኮ ነፋበት።

«የእሳት አደጋ መኪና ሆነ» አለ ዱኮ፣ ራሱን ነቅንቆ። «ደወል ብቻ ነው የቀረው።»

በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ ዓርብ ዕለት፣ ሥራው አለቀ። የት ጋ እንደተሰበረ፣ የት ጋ እንደተነቀለ፣ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳኛው መዶሻውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ አጋደመ። አዲስ ክር አሰረ። ከተፈታ አውቶቡስ የወጣ ድምፅ ማጉሊያ ነበራቸው፤ ከባትሪ ጋር አገናኘው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንገቻውን ትከሻው ላይ አደረገ። ልጅ ሆኖ ይህን ዕቃ መንካት ቀርቶ ከአጠገቡ መቆም ያስገርፍ ነበር። በዚያ ቤት ቤዙን ያነገተ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወፍራሙን ክር ነካው። ድምፁ ከወለሉ የመጣ ይመስል እግሩ ሥር ነዘረ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የመኪና በሮች፣ የተደረደሩት ኮፈኖች፣ ቆርቆሮው ጣሪያ፣ ሁሉም አብረው ተርገፈገፉ።

«ኧረ ተው!» አለ ዱኮ፣ ሳቁ እስከ ጆሮው ተለጥጦ። እፊቱ መጥቶ፣ ቀለሙን በቅርብ ሊያይ ጎንበስ አለ። «አንዴ ድገመው። እዚህች ጋ አንድ ፀጉር የገባ መሰለኝ።»

በዚህ ጊዜ ከቀኝ በኩል፣ ከበሩ፣ የከባድ መኪና ጥሩንባ አምባረቀ።

ዳኛው መምጣቱን አወቀ። ለዓመታት ያጠራቀመው ንዴት ባንዴ እግሩ ውስጥ ገባና ሙሉ ሰውነቱን ወደ ቀኝ ወርውሮ ዞረ። ትከሻው ላይ የነበረውን ረስቶታል። የቤዙ አንገት ከግራው ተነስቶ እንደ መቀርቀሪያ ተወረወረ፤ የቤዙ ራስ የዱኮን ጉንጭ አገኘው። «ጓ!» የሚል ድምፅ በማጉሊያው ወጣ፤ በሮቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። ዱኮ ወደ ኋላ ተንደርድሮ በቀለም ጣሳዎቹ ላይ ወደቀ። ጉንጩን በሁለት እጁ ያዘ፤ በጣቶቹ መሀል ደም ቡልቅ ብሎ ወጣ።

«ሰውዬ!» አለ ዱኮ፣ አፉ ደም እንደሞላ። «ቀይ አንሶህ ከሆነ ንገረኝ፣ ጣሳ ሙሉ አለኝ እኮ! ደሜን ለምን...»

አልጨረሰም። ዓይኑ በሩ ላይ ቀረ።

በሩ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ በእጁ የክንድ ርዝመት ያለው ፌሮ ይዟል። ደም የሚያፈሰውን ሰው አየ። በደም የተነከረውን የቤዝ ራስ አየ። ማንገቻውን ትከሻው ላይ ያደረገውን ትንሽ ወንድሙን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። የግራ እጁ ሳያውቀው ተነስቶ የገዛ ቀኝ ጉንጩን ያዘ።

«አንተም?» አለ ታላቁ። «አንተም?»

አንድ ነገር ወለሉ ላይ ቃ ብሎ ወደቀ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየ። የማንገቻው ቁልፍ ነው፤ የሞላበትን ስቱኮ ይዞ ከዚያው ጎድጓዳ ተነቅሏል። ማንገቻው ሸርተት ብሎ ቤዙ እጁ ላይ ቀረ። ጫፍ ላይ ያለው ጆሮ ተጣሟል፤ ጥርሱ ውስጥ ደም ገብቷል። ገላው ግን አንዲት ጭረት የለውም። ከአንገቱ በቀር ሁለት ወር ያቃናው ሁሉ፣ በእነዚያው ቦታዎች ላይ፣ በዚያው መልክ ተመልሶ ተበላሽቷል።

አውራ ጣቱ ሳያዘው ወደ ተጣመመው ጆሮ ሄደ።

ሰው ቤዝ አንስቶ ሰው ሊመታ ቢፈልግ እንደ ፋስ በአንገቱ በኩል ነው የሚይዘው፤ የሚያርፈውም ገላው ነው። የቤዙ ገላ ያኔም ደህና ነበር፤ በጥቃቅን ጭረት ብቻ ነው የተረከበው። የመታው ግን የቤዙ ራስ ነው። ቁልፉም የተነቀለው ማንገቻው የሰው ትከሻ ላይ ስለነበረ ነው። ከቀኙ አንስቶ የሚመታ ደግሞ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ግራ ጉንጭ ነው የሚያገኘው፤ ወንድሙ ግራኝ አልነበረም። ዱኮ የያዘው ቀኝ ጉንጩን ነው። እናቱ... እናቱን በግራዋ ተቀምጦ ያጎረሳት...

አንድ ታክሲ ሹፌር ይህን ያህል ማስረጃ ይዞ መጥቶ ቢዋሸው ኖሮ ሳቅ ይገድለው ነበር።

«ቀኟ ነበር» አለ ዳኛው። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «የመታት በቀኟ ነው። አንግቶት ነበር። አባባ ነው።»

ታላቁ ሁለት እርምጃ ተራመደና በቡጢ አፉን አለው። ዳኛው ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ። ጥርሱ ሲነቀል ሰማው፤ ከምላሱ ሥር እንደ ጠጠር ተንከባለለ። መዶሻው ከክርኑ አጠገብ ነበር። አላየውም።

«ዛሬ?» አለ ታላቁ። «ዛሬ ነው የገባህ?» በፌሮው ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ዳኛው በጉልበቱ ወደቀ፤ ቤዙን ግን ደረቱ ላይ አቅፎታል። «በአካፋ ጥርሴን ስታወልቅ ያልገባህ ዛሬ ነው የገባህ?»

«ወንድም ጋሼ...»

«አትጥራኝ!»

ፌሮው ዳግመኛ ወረደ፤ በዚህ ጊዜ ጎኑ ላይ። ትንፋሹ ተቆረጠ። ዱኮ ከጣሳዎቹ መሀል «ኧረ በሕግ አምላክ!» እያለ ሊነሳ ሞከረ፤ ተንሸራቶ መልሶ ተቀመጠ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለ ዳኛው፣ አየር ሲያገኝ።

«ለማን? ድንጋይ ለያዘ ሰው?» ታላቁ ያለከልካል፤ ሦስቱ ሰው ሠራሽ ጥርሶቹ ከሌሎቹ ይልቅ ይነጣሉ። «አባባን ልይዘው ስነሳ እማ እግሬን ያዘች። አፏ ፈርሷል፣ መናገር አትችልም። በእጇ ነው ያሳየችኝ። በሩን አሳየችኝ። ከዚያ ደግሞ መንገዱን፤ አንተ ዳቦ ይዘህ የምትመጣበትን። አባባ ከታሰረ ትንሹን ማን ያበላዋል ማለቷ ነው። እሱን ቢወስዱት እናንተ ሁለታችሁ በረሃብ ታልቃላችሁ። እኔ ግን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ራሴን እችላለሁ።» ምራቁን ተፋ። «አባባ ሳይጠየቅ ራሱ 'እሱ ነው' ብሎ በእኔ ላይ አላከከ። እሷም ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።»

ዳኛው ዳቦውን የጣለበት እጁን አየው። ያው እጅ ነው፣ ድንጋዩን ያነሳው።

«ወርውሬብህ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ጀርባህን።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!» አለና ታላቁ ፌሮውን አነሳ። አልመታም። ወደ ቤዙ ጠቆመበት። «ውሰድ ብላለች አልክ። የእኔ ነው?»

«ያንተ ነው።»

«ያዝልኝ እንግዲህ።»

ዳኛው ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባው። ጋራዥ ውስጥ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይመታል፤ የሚይዘው ሰው ካላጠበቀ ምቱ ይባክናል። እያለከለከ ተነሳ። ቤዙን ብረት መቀጥቀጫው ላይ አጋደመው፤ ገላውን በአንድ በኩል በጉልበቱ፣ ራሱን በሌላ በኩል በመዳፉ አጥብቆ ያዘው። ሁለት ወር የለፋበት ነው። ዓይኑን አልጨፈነም።

«እጅህን አርቅ» አለ ታላቁ።

«ደህና ነው። ምታ።»

ፌሮው ወረደ። ክሮቹ ጮኹ፣ አንዱ ተበጥሶ የዳኛውን ግንባር ቀደደው። አንገቱ ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ። ሁለተኛው ምት ገላውን ሰነጠቀው፤ ቀይ ቀለም እንደ ቅርፊት ተላቀቀ። ሦስተኛው ድምፅ መያዣውን ወደ ውስጥ ከተተው። ማጉሊያው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ታላቁ ከዚያ በኋላም መታ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ ማንም አልቆጠረም። ሲመታ ያለቅስ ነበር፤ ዕንባውን ግን የሚጠርግለትም የሚያፍርበትም አልነበረም። ዳኛው መያዙን አልለቀቀም። አንዱ ምት ስቶ የግራ ትንሿን ጣቱን አገኘው፤ ጣቱ ተጠማዘዘ። ትንፋሹን ሳበ እንጂ እጁን አላነሳም።

በመጨረሻ ታላቁ ፌሮውን ዝቅ አደረገ። ጎንበስ ብሎ ከተሰበረው አንገት የቤዙ ራስ ያለበትን ወገን አነሳ። አገላብጦ አየው።

«እዚህ ጋ ነበር የተሰበረው፣ ያኔ።»

«አዎ።»

«እዚህ ጋ አልተሰበረም አሁን።» እውነቱን ነው፤ ሙጫ የተቀባው ቦታ ይዟል፤ አንገቱ የተሰበረው ከእሱ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ፣ አዲስ ቦታ ላይ ነው። ታላቁ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሙጫህ ጥሩ ነው።»

«ቀለሙስ?» አለ ዱኮ ከጥጉ፣ ጨርቅ ጉንጩ ላይ እንደጫነ። «ስለ ቀለሙ የሚናገር የለም?»

ማንም አልሳቀም፤ ታላቁ ግን ዱኮን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አየው። ቀረብ ብሎ ጨርቁን ገለጥ አደረገና ጉንጩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «አጥንት አልገባም» አለ። «ይድናል። ክፈት፣ ክፈት አፍህን። ደህና ነው።» እንደዚህ ያለ ፊት ከዚህ በፊት በእጁ የያዘ ሰው አያያዝ ነበር።

ከዚያ የተጣመመውን ጆሮ ከቤዙ ራስ ላይ በፌሮው ጫፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ሌላውን እዚያው ትቶ ወጣ። ዳኛው ጣቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠቅልሎ፣ ጎኑን ደግፎ፣ ተከተለው። ለምን እንደሚከተለው አላወቀም። ሂድ ያለው የለም፤ ተመለስ ያለውም የለም።

መኪናው መንገዱ ዳር ቆሟል፤ ትልቅ፣ አቧራ የለበሰ የጭነት መኪና። የፊቱ የቀኝ ጎን ገብቷል። መብራቱ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ፓራፋንጎው ታጥፏል፣ ብረቱ ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፏል። የዳኛው እግር ያለ ፈቃዱ ወሰደው። እያመመው ቁጢጥ አለ። ደም ያለበት አውራ ጣቱ ጭረቱን ጀመረ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን። ግራጫው ድንጋይ ነው። ምቱ ዝቅ ያለ ነው። ፍሬን አልያዘም። አፉን ከፈተ።

«ይሄ እኮ...»

«ተው» አለ ታላቁ፣ ከራሱ በላይ ቆሞ። «ጠይቀኝ።»

ዳኛው አውራ ጣቱን ከብረቱ አነሳ። የተሰነጠቀ ከንፈሩን በምላሱ አረጠበ፤ ምላሱ ጥርስ የተነቀለበትን ባዶ ቦታ አገኘ።

«ምን ገጠመህ፣ ወንድም ጋሼ?»

ታላቁ ፌሮውን ጋቢናው ውስጥ ወረወረው፤ ብረቱ ብረት ላይ ሲያርፍ ጮኸ። ከዚያ የመኪናው መወጣጫ ላይ በከባዱ ተቀመጠ፣ ከአጠገቡ ትንሽ ቦታ ለቀቀለትና የገጠመውን መናገር ጀመረ።